የተቆለፈበት አናጺ

አናጺው ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሚስቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። ፖሊሶቹ ካቴናውን ሊያስገቡላት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ባልደረቦቹ «እንቅልፌ» የሚሉት መርማሪ ግን ግማሽ በተከደነ ዐይኑ ክፍሉን ቃኝቶ «ቆይ» አለ።

«ለምን ቆለፉበት፣ እናቴ?»

«ሐኪም ከቤት እንዳይወጣ ብሏላ! በር ክፍት ካገኘ ወደ ሥራ ቤቱ ነው የሚሮጠው።»

«ከሐኪም አፍ ራስዎ ሰምተዋል?»

«ወንድሙ ነው ለክትትል የሚያመላልሰው። ባሌማ "ክንዴን ጨምቀው ሸኙኝ" እያለ ሲነጫነጭ ነው የሚመለሰው።»

የሟቹ ልጅ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «"ምንም ሳያመኝ ታፍኜ ልሞት ነው" ብሎኝ ነበር አባዬ።»

ያከመችው ሐኪም ተጠርታ መጣች። «ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር እንደ ፊኛ አብጦ ነበር። ሆዱን ሳንከፍት በብሽሽቱ በኩል ቱቦ አስገብተን ደሙ በዚያ እንዲያልፍ አደረግን። በቱቦው ዳር ደም ካፈተለከ ግን እብጠቱ ተመልሶ ያድጋል። አያምም፤ በጨረር ፎቶ ብቻ ነው የሚታየው። ክትትሉ ዕድሜ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። እኛ ጋ አንዴ መጥቶ ቀረ። የገደለው የደም ሥሩ መፈንዳት ነው።»

ታናሽ ወንድሙ ከሥራ ቤቱ ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ደረሰ። ወንድሙ ከታመመ ወዲህ አለቃው እሱ ነው።

«ቅርብ ያለ ክሊኒክ ነበር ፎቶ የማስነሳው፣ ጌታዬ።»

«ማሽኑን አይፈራም?»

«ይፈራል እንጂ! አብሬው ገብቼ እስኪያልቅ ድረስ እጁን እይዘዋለሁ። ወንድም ለመቼ ነው?»

«ጎበዝ። ምን አለበሱህ?»

«ምን ያለብሱኛል? በዚሁ በጃኬቴ።»

መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ጨረሩ ሲለቀቅ» አለ እያዛጋ፣ «ባለሙያው እንኳ ክፍሉን ዘግቶ ይወጣል። ዘመድ ይግባ ከተባለም ጨረር የማያሳልፍ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ የእርሳስ ብረት ሽርጥ ያጠልቃል። እሱን የለበሰ ሰው አይረሳውም። አንተ በጃኬትህ ነበርክ፤ እንግዲህ ፎቶ ክፍል ገብተህ አታውቅም። ክንዱን የጨመቀውም የደም ግፊት መለኪያ ነው። ፎቶ አያስፈልግም ብለህ አሞኘኸው።»

«ለምን ብዬ?»

«ዶክተር፣ ለክትትል አንዴ የመጣ ጊዜ ምን አሉ?»

«እሱ ልብሱን ሲለብስ ለወንድሙ ነገርኩት። ደህና ነው፣ ወደ ሥራው ይመለስ አልኩ።»

«ያን ቢሰማ ኖሮ አንተ ከአለቃነት ወደ እንጨት መላግ ትመለስ ነበር። በሽተኛ አድርገህ አስቀመጥከው፤ ሌላ ሐኪም ደህና ነው እንዳይለው ደግሞ ከፎቶው አራቅከው። ደሙ ማፈትለክ ሲጀምር ማንም አላየም።»

«እንዲሞት አልፈለግኩም!»

«አውቃለሁ። እንዳይድን ብቻ ነው የፈለግከው።»

ካቴናው የሚገባበት እጅ ተለወጠ። ሚስትየው ግን የባሏን ወንድም ዞር ብላም አላየችው።

«ዶክተር… መውጣት ይችል ነበር?»

«በየቀኑ እንዲራመድ ነበር ያዘዝኩት።»

«ጠዋት ጫማውን አድርጎ» አለች፣ «እስከ ግቢው በር ብቻ አድርሽኝ አለኝ። እኔ ተቆጣሁት።»