የቀኙ ረድፍ እንቁላል

ማሩ አዘዞ በሚገኘው የድርጭት ቤቱ ውስጥ፣ ማጅራቱ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ተመትቶ በጀርባው እንደተዘረጋ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ እስከ ግማሽ የሞላ የእንቁላል ቅርጫት ነበር። ማታ ከከተማ ስትመለስ ያገኘችው ሚስቱ እናኑ ናት፤ የታሰረችውም እሷው። ባልና ሚስቱ ጠዋት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። እንቁላል ደግሞ የሚለቀመው ጠዋት ነው፣ ስለዚህ ገፍትራው ወጥታለች ተባለ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያልመሰከረባት አልነበረም።

ኢንስፔክተር ፋሲካ በሦስተኛው ቀን ነገሩን ልትመረምር ስትመጣ እናኑ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እጇ በካቴና እንደታሰረ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እህቴ፣ እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አለቻት። «ብቻ ማን እንደገደለው ሳላውቅ አልሙት።»

ፋሲካ የእንስሳት ሐኪም ልጅ ስለሆነች የወፍ ቤት አዲሷ አይደለም። ቤቱ ሁለት ረድፍ ነው። የቀኞቹ ድርጭቶች መኗቸው ውስጥ የእንቁላል ቅርፊት የሚያጠነክር ቫይታሚን ይጨመርላቸዋል፤ የግራዎቹ ያለ ቫይታሚን ይበላሉ። ማሩ ልዩነቱን ለማየት በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ቀኑንና ረድፉን በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ፋሲካ ከቅርጫቱ አንድ የቀኝ ረድፍ እንቁላል አንስታ በሁለት ጣቷ ጫን ስታደርገው ተሰባበረ። ከወር በፊት የተጻፈበትን የዚያኑ ረድፍ እንቁላል ከመደርደሪያው አውርዳ ብትጫነው ግን እምቢ አላት። የቫይታሚኑ ጣሳ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ቢጫውን ዱቄት በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው፤ ሽምብራ ሆኖ አገኘችው።

እንቁላል ተረካቢው ኡዘይር ፒያሳ ሱቅ አለው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ እንቁላሉ በመንገድ እየተሰበረ ስላስቸገረው፣ ያን ቀን እናኑ ከረፋድ እስከ ምሽት ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ደህናውን ከተሰበረው ስትለይ እንደዋለች ለፋሲካ ነገራት። የጠዋቱም ጠብ በዚሁ በእንቁላሉ ነበር።

መኖ የሚያደባልቀው የማሩ ታናሽ ወንድም የሻው ነው። ቃሉን ሲሰጥ እናቷ የሞተችባትን የአምስት ዓመት ልጁን ሰብለ ወንጌልን ታቅፎ ነበር። ልጅቷ ጭንቅላቷን ይዛ ታቃስታለች፤ ፀጉሯ ረግፏል፣ ከንፈሯም ተልጧል።

«ምን ሆናብህ ነው?» አለችው ፋሲካ።

«ከሳችብኝ። ቫይታሚን አንሷታል አሉኝ» አላት።

ፋሲካ የዚያኑ ዕለት እናኑን፣ ኡዘይርንና የሻውን ከነልጁ ድርጭት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶሮ ጠዋት ትጥላለች» አለች። «ድርጭት ግን በብዛት የምትጥለው ወደ ማታ ነው። የዋዜማው እንቁላል ተጽፎበት መደርደሪያው ላይ አለ። ስለዚህ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው የዚያኑ ቀን የተጣለ ነው፤ ማሩም አመሻሹ ላይ በሕይወት ነበረ። በዚያ ሰዓት እናኑና ኡዘይር ፒያሳ ነበሩ።»

እናኑ ፊቷን በታሰሩ እጆቿ ሸፈነች።

«የቀኙ ረድፍ ቅርፊት እንዲህ ከደከመ፣ ቫይታሚኑ ወፎቹ ዘንድ አልደረሰም። ሊሸጠው የሰረቀ ጣሳውን ይዞ በሄደ። ይህ ሰው ግን በየቀኑ በማንኪያ እየቀነሰ በሽምብራ ተካው። በማንኪያ የሚወስድ ሰው የሚያጎርሰው አለው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ልጅቷ ዞረ። የሻው ልጁን አጥብቆ አቀፋት።

«እኔ ነኝ» አለ። «የሷን መድኃኒት ብፈልግ አጣሁ። ቫይታሚን ያው ቫይታሚን ነው ብዬ ሰጠኋት። ባሰባት፤ ያነሳት መስሎኝ ጨመርኩላት። ማሩ ደረሰበት። ‹ሁለተኛ እንዳትሰጣት› ብሎ ጮኸብኝ። ወፎቹ ከልጄ የበለጡበት መሰለኝ፣ ገፋሁት።»

ፋሲካ ጣሳውን አዙራ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየችው። አንዱ ማንኪያ ለመቶ ኪሎ መኖ የሚበቃ ነበር።

«ማሩ ይህን አንብቧል» አለችው። «ሲበዛ መርዝ ነው። የጮኸብህ ለልጅህ ብሎ ነው።»

ፋሲካ የእናኑን ካቴና ፈታች። እናኑ የእጇን አንጓ እንኳ ሳታሻሽ ተነሳችና ልጅቷን ከየሻው እቅፍ ተቀበለች።

«ባጃጅ አቁምልኝ፣ ኡዘይር» አለች። «ሐኪም ቤት ልውሰዳት።»

የሻው ባዶ የቀሩትን እጆቹን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ። ዓይኑ ግን ከበሩ አልተነቀለም።

«ትድናለች?» አለ።

ፋሲካ እንደማታውቅ ነገረችው።