አምስት መቶ ዋት የሚል ወረቀት

«ሶኬቱን ረሳሁት!» አለ አባቷ። ከግድግዳው የነቀለውን ገመድ እንደያዘ ቆሟል። «መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ንቀሉ እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ የማሰለች ሰውዬ፣ ዛሬ ራሴ ረሳሁት!»

ጂቱ ከበሩ ሥር አልተንቀሳቀሰችም። ጠረጴዛው ሥር ካለው ሲፒዩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

እሑድ ነው። አባቷ ኦቦ አመዩ ከቸርች ሲመለስ፣ ሱፉን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚስቱን ድምፅ ይሰማል። ሸዋገነት አስተማሪ ነበረች። ከመሞቷ በፊት ለሰንበት ትምህርት ልጆች ብላ አሥራ አንድ ተረት በኦሮምኛ ቀድታ ነበር። «ዱሪ ዱሪ» ብላ ትጀምራለች፣ ድሮ ድሮ ማለቷ ነው። ሦስተኛው ተረት መሃል ላይ በር ይከፈትና የትንሽ ልጅ ድምፅ «እማዬ፣ ራበኝ» ይላል። ሸዋገነት «ውይ ጂቱ፣ አበላሸሽው!» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ረጅም ነው። አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ያችን ሳቅ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ዛሬም እየሰማ ሳለ መብራት ሄደ። ምሳ ሊያቀራርብ ወደ ጓዳ ገባ። መብራቱ ሲመለስ ግን «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በቃ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አላት፣ ገመዱን ሳይለቅ። «እናትሽን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳት።»

ጂቱ ግን ጥፋቱ የአባቷ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ የሄደችው ወደ ኮምፒውተር ጠጋኙ ወደ ጂራ ሱቅ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ቀንዓ ጉደር ካለው ዘመዱ የጌም ሥዕል የሚያጠራ ግራፊክስ ካርድ ተውሶላታል። «እስከ ሰኞ ብቻ ነው፣ የመኪናው ጌም ፏ ብሎ ይሠራልሻል» ብሏታል። ጂራ ካርዱን አገላብጦ አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ያንቺ ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት ብቻ ነው፤ ይሄን አይችለውም። ካርዱ የሚበላውን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩን፣ ሁሉንም ደምሪ። በላዩ ደግሞ ትርፍ ይኑርሽ።»

«እሱንማ ቀንዓ አግኝቶልኛል» ብላ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ከቦርሳዋ አወጣች። ጎኑ ላይ በትልቁ አምስት መቶ ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ጂራ ወረቀቱን አላነበበም። በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው፤ ሳቀም።

«አምስት መቶው ወረቀቱ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም። ያዢው እስቲ፣ ቀለለሽ አይደል? ደህና ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ሙሉ ነው፣ ክብደት አለው። ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ጥሩ ዕቃ ይመጣልኛል፤ እስከዚያ ጠብቂ። ደግሞ ሲፒዩውን ከመክፈትሽ በፊት የእናትሽን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። እሺ?»

«እሺ» አለች።

እሺ ማለት ምን ያስቸግራል! ማክሰኞ ግን ከሰኞ በኋላ ነው፤ ካርዱ ይመለሳል። ፍላሹም በጌሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆኖ ሲወጣ፣ እሷ መፍቻዋን ይዛ ቁጭ አለችና ካርዱንም ያንን ቀላል ፓወር ሰፕላይም ገጠመች። ሠራላትም። ቀኑን ሙሉ መኪና ስትነዳ ዋለች። «ጂራ ደግሞ ሲያካብድ!» ብላ በልቧ ስቃበታለች።

ሰኞ ቀንዓ ካርዱን ሊወስድ ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«መብራት ነው በያ! ማን ይጠይቅሻል? አምቦ ውስጥ ያልተቃጠለበት ሰው አለ? ፋዘርሽም ራሱ ሶኬቱ ነው እያለ አይደል?»

እውነቱን ነው። ማንም አይጠይቃትም። ሊያጽናኑ የመጡ ጎረቤቶች ሁሉ «ይሄ መብራት!» እያሉ ነው የሄዱት። አባቷ ግን መብራቱን አልወቀሰም። «አይ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ምግቡን ትቶ እየተነሳ የፍሪጁን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የምጣዱን ሶኬት ይነቅላል። መብራት ሳይሄድም ይነቅላል። ጂቱ ከኋላው እየዞረች መልሳ ትሰካለች።

ኮምፒውተሩን ለጂራ ወስዳለት ነበር፤ በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አስጠራት። የእናቷ ድምፅ የነበረበትን ሃርድ ዲስክ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስቀምጦላታል።

«አዲስ አበባ ድረስ ልኬው ነበር። አልሆነም ጂቱ። ምንም አልተረፈም።»

አለቀሰች። ሱቁ ውስጥ ሰው መኖሩን ረስታ አለቀሰች። ጂራ በርጩማ አቀረበላትና እስክትረጋጋ ጠበቃት።

«ሶኬቱ ባይረሳ ኖሮስ?» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬ ባይረሳ ሌላ ቀን ነበር። ደህናው ዕቃ መብራት በኃይል ሲመጣ ራሱ ተቃጥሎ ሌላውን ያድናል። ይሄኛው የመጣውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ለቀቀው።» ያንን የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ከዲስኩ አጠገብ አኖረላት። «ኦቦ አመዩ ያውቃሉ?»

ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች። ሁለቱንም ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተነሳች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ሱፉን እንደለበሰ ነው። ልማድ ሆኖበት ከቸርች እንደመጣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚሰማው ነገር ግን የለም። ስታየው ተመልሳ መውጣት አማራት። የቀንዓ ቃል አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «ጂራም መብራት ነው አለ» ማለት ብቻ ነው የቀራት።

«ምን አለ ጂራ?» አላት፣ ቀና ሳይል። «ዲስኩ ሞቷል አይደል? እኔ ነኝ...»

ጂቱ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ኣባ፣ እጅህን ዘርጋልኝ።»

ዘረጋ። ፓወር ሰፕላዩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ወረቀቱን አነበበ፤ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ምንድን ነው ይሄ? ሲቀል! ባዶ ነው እንዴ?»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሶኬቱ አይደለም ኣባ» አለችው። «ይሄን ከመግጠሜ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጂራ ነግሮኝ ነበር።»