ሐጀራ ዝም ያለችበት ቦታ

ሐጀራ «ንግግሬ የጠፋኝ ታጁ ስለተነሳ ነው» ትላለች። ታጁ ደግሞ «የተነሳሁት ንግግሯ ስለጠፋት ነው» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም።

የተዋወቁት ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ ቂሊንጦ በሚሄደው የልብስ ፋብሪካ ሰርቪስ ላይ ነው። እሷ ስፌት ክፍል፣ እሱ ቆረጣ ክፍል ይሠራሉ። አንድ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አያት።

«ዱዓ ነው?» አላት።

«ዱዓ ቢሆንማ በቀለለኝ። ንግግር ነው።»

ፋብሪካው ሐዋሳ ለሚከፍተው ቅርንጫፍ አሰልጣኝ ሊመርጥ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ በሠራተኛው ፊት ቆመው መናገር አለባቸው። ሐጀራ ስፌቱን አሳምራ ታውቃለች። ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል። ታጁ ኮሌጅ እያለ የክርክር ክበብ አባል ነበርና «እኔ አለማምድሻለሁ» አላት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አብረው ተቀመጡ። ብትመረጥ እንደምትሄድ ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አያነሱትም።

«አትሩጪ» ይላታል። «ዋናውን ነገር ከማለትሽ በፊት ዝም በይ። ሰው ጆሮውን የሚሰጥሽ ያኔ ነው።»

«የረሳሁ ከመሰላቸውስ?»

«ይምሰላቸው። አንድ የምታምኚውን ሰው እያየሽ ትንሽ ቆዪ።»

«ማንን?»

ታጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። የስፌት ክፍሏ አቻምየለሽ ከኋላ ወንበር፣ «ኧረ እኔን እዪ በላት! እኛም እንገላገል» ብላ ሰርቪሱን በሳቅ ሞላችው።

በውድድሩ ቀን ሐጀራ ጥሩ ጀመረች። «አዲስ ልጅ ሥራ ሲበላሽባት፣ ከመቆጣታችሁ በፊት...» አለችና ታጁን እያየች ዝም አለች። ራሱ ያስተማራት ዝምታ ነበር። እሱ ግን የረሳች መሰለው። ብድግ ብሎ «መርፌውን! መርፌውን እዩ!» ብሎ ጮኸ።

ሠራተኛው አውካካ። ያኔ ንግግሯ የምር ጠፋባት።

በማግስቱ ሰርቪሱ ላይ ሌላ ወንበር መረጠች። ታጁ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ወላሂ ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። የከፋኝም እሱ ነው። ዝም ስል እንኳ አላመንከኝም።»

ታጁ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሊዲያ ግን ሌላ ዕድል ሰጧት። ታጁ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ሐጀራ ያቺው ቦታ ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ አዳራሹም አብሯት ዝም አለ። ከዚያ ረጋ ብላ «መጀመሪያ መርፌውን እዩ» አለች። ጭብጨባው አልቆም አለ።

«የተመረጥሽው አንቺ ነሽ» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ። «እንግዲህ እዚሁ ሰው ፊት ንገሪን። ሐዋሳ ትሄጃለሽ?»

ሐጀራ ማይኩን እንደያዘች ዝም አለች። ዓይኗ ከረድፍ ረድፍ ሄዶ ታጁን አገኘው። እዚያው ቆመ።

ሰው ፊት መናገርን ያስተማራት ልጅ፣ ለእሷ ብቻ ሊነግራት የሚፈልገውን አንድ ነገር እስከዚያች ቀን አልነገራትም። አሁን አፉ ላይ ደርሷል። ግን ይህ የትኛው ዝምታ ነው? የምትጠብቀው እንዲነሳ ነው፣ ወይስ እንዳይነሳ? መለየት አቃተው። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። አልተነሳም።

ሐጀራ ጥቂት ቆየች። ከዚያም ጥቂት ጨመረች።

«እሄዳለሁ» አለች።