ደህና ናት

«ትርንጎ፣ እያለቀሰች ነው።»

«እሰማለሁ።»

ብሌን እርሳሷን ደብተሩ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነች። ሕፃኗ አጠገቧ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ፣ ፊቷ እስኪቀላ ታለቅሳለች። ብሌን በልቧ እስከ አሥር ቆጠረች። ከዚያ የሒሳቡን ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት እንደጀመረችው ትታ ተነሳችና ሕፃኗን አቀፈቻት። ትንሿ ጀርባ በላብ ርሷል።

ክፍሉ ይፋጃል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ በሩና መስኮቱ ግን አራስ ንፋስ እንዳይመታት ተብሎ አምስት ሳምንት ሙሉ ተዘግተዋል። «ትንሽ እንኳን ልክፈተው?» ብላ በጠየቀች ቁጥር የእናቷ መልስ አንድ ነው፤ «አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ ባሏ ሙሉቀን ከሚሠራበት ከደብረ ሲና እናቷ ቤት ለመውለድ የወረደችው በስምንተኛ ወሯ ነበር። ያን ጊዜ ትስቅ ነበር። ያጠበችውን የሕፃን ልብስ ገመድ ላይ እየሰጣች፣ «እዚያ ሦስት ቀን የሚፈጀው እዚህ በሰዓት ይደርቃል» እያለች ትገረም ነበር። ከወለደች በኋላ ግን መሳቋን አቆመች። ቀጥሎ መብላቷን ቀነሰች። አሁን ደግሞ ሕፃኗን ሰው ካላቀበላት በቀር አታነሳትም።

አባታቸው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው የሽንኩርት ማሳ በእናታቸው ትከሻ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ደግሞ የደረሰው በዚህ ሰሞን ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ክርስትና እስኪነሳ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን፣ አጠገቧ ሰው ይኖራል፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ትራሷ ስር ብረት ይቀመጣል። እናታቸው ቢላዋውን ትራሱ ስር አድርጋ፣ ብሌንን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ወደ ማሳዋ ትሄዳለች። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በርጩማው።

ጎረቤቶች እየመጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። ትርንጎ መመለስ ካቆመች ወዲህ በእሷ ፈንታ «ማርያም ታኑርልን» የምትለው ብሌን ናት። «እንዴት ናት?» ሲሏት፣ «ደህና ናት፣ እንቅልፍ አሸንፏት ነው» ትላለች። መልሱን ከሒሳቡ ቀመር በላይ ሸምድዳዋለች።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። የክፍሏ ልጅና ጎረቤቷ ዓሊያ ነበረች፤ ብሌን በሩን አንድ ስንዝር ከፈተችላት።

«ዛሬም ቱቶሪያል ልትፎርፊ ነው?»

«መፎረፍ አይባልም ይሄ። ታስሬ ነው።»

«አቦ፣ የወለድሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ትናንት ቲቸር ስምሽን ሲጠራ ‹አራስ ናት› ብዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት።»

«አንቺ ሙድ ያዢ። ሰኞ ሞዴል ፈተና ነው።»

«ለኔም እኮ ሰኞ ነው። ግማሽ ሰዓት ነይና ያቺን አሥራ አራተኛዋን ሠርተሽ ተመለሺ። ዛሬ እሷን ነው የሚያሳየን፣ ወላሂ።»

ብሌን በሩን ዘግታ ተመለሰች። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ትርንጎ፣ ግማሽ ሰዓት ልሂድ? አስተኝቻት እሄዳለሁ።»

 እህቷ ከግድግዳው ሳትዞር፣ «ከሄድሽ ያንን ይዘሽው ሂጂ» አለች።

«ምኑን?»

«ትራሱ ስር ያለውን።»

«ቢላዋውን? ምን ላድርግበት፣ ሒሳቡን ልክተፍበት?»

ትርንጎ አልሳቀችም። ዞረች። ዓይኖቿ ብዙ ያለቀሰ ሰው ዓይን ይመስላሉ፤ ብሌን ግን ስታለቅስ አይታት አታውቅም።

«እዚያ መሆኑን ሳስብ የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል። ልጄን አልነካትም፣ ብሌንዬ። ግን ሐሳቡ አይሄድልኝም። ላቅፋትም እፈራለሁ።»

ብሌን ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኛቻት። ትራሱን ከፍ አድርጋ ቢላዋውን አወጣችና በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከደብተሮቿ መሃል ከተተችው።

«ለእማዬ እንዳትነግሪ። ለሙሉቀንም። እብድ ናት ብለው ልጄን ይወስዱብኛል። የአባዬ አጥንት ይውጋኝ በይ።»

«ትርንጎ…»

«በይ።»

«የአባዬ አጥንት ይውጋኝ።»

ወደ ቱቶሪያሉ አልሄደችም። በርጩማው ላይ ተቀምጣ አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ደጋግማ አነበበች፤ አንዱም ቃል አልገባትም። ተናደደች፤ በእናቷ፣ በሙቀቱ፣ በትርንጎ። ዓሊያ ክፍል ውስጥ ስትስቅ እሷ ቢላዋ ይዛ ቁጭ ማለቷ አናደዳት። ማንም ሳይጠይቃት የሰው ጭንቀት ጀርባዋ ላይ ተጭኖባታል፣ በዚያ ላይ ትርንጎ አስምላታለች።

በማግስቱ ዓርብ እናቷ አልጋውን ስታነጥፍ ድንገት ቆመች።

«ብረቱ የት ገባ?»

«እኔ ነኝ… ሽንኩርት ልከትፍበት ወስጄው ነው።»

«ሽንኩርት? ሌላ ቢላዋ ጠፍቶ የአራስ ብረት ይነሳል? አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?» እናቷ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ በሽንኩርት ልጣጭና በማሳ ጭቃ ጠቁረዋል። ብሌን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። እናቷ ጋዜጣውን አየች፤ ፈትታ ቢላዋውን ቦታው መለሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ብሌን ስትገባ ትርንጎን መሬት ላይ፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣ አገኘቻት። ሕፃኗ ብቻዋን አልጋው ላይ ናት፤ እንዳትወድቅ ዙሪያዋን በልብስ ተከልላለች። ትርንጎ እጆቿን ብብቷ ስር ደብቃለች። ብሌንን ስታይ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች፤ አትናገሪ ማለቷ ነው።

ረፋዱ ላይ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሲስተር ሩቂያ ቦርሳዋን አንግታ መጣች። የጭነት መኪና ሽንኩርቱን ወስዶ ስለነበር እናታቸው ቤት ናት። ዓሊያም ውጭ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ቱቶሪያሉ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ብሌን ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። ዛሬ እናቷ ስላለች ማንም አይከለክላትም።

ሲስተር ሩቂያ ሕፃኗን መዘነች። «ማሻ አላህ፣ ጨምራለች» አለችና ወደ ትርንጎ ዞረች። «አንቺስ? እንቅልፍ ትተኛለሽ? ትበያለሽ?»

ትርንጎ እጆቿን ከብብቷ ስር አላወጣችም።

«ምን ትሆናለች ብለሽ ነው» አለች እናቷ። «አራስ እኮ ናት። እኔም ሁለቱን ስወልድ እንዲሁ ደክሞኝ ነበር።»

ሲስተር ሩቂያ አሁንም ትርንጎን እያየች ጠበቀች። እናቷም እንደለመደችው ብሌንን አየቻት። ትርንጎም አየቻት። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ብላው ከዓሊያ ጋር መሄድ ትችላለች።

«ደህና አይደለችም» አለች ብሌን።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጭን ሆነባት። ወደ አልጋው ሄዳ ቢላዋውን ከትራሱ ስር አወጣችና ለሲስተር ሩቂያ ሰጠቻት።

«ይሄን አንሱልኝ ትላለች። ክፉ ሐሳብ ያመጣብኛል ትላለች። ልጇን የማታቅፋት ጠልታት አይደለም። ፈርታ ነው።»

እናታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ እንዲጠብቃት ብዬ ነው ያደረግኩት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሲስተር ሩቂያ ቢላዋውን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ መሬት ላይ፣ ትርንጎ ፊት ተቀመጠች። «ይሄ ሕመም ነው፣ እህቴ። ወልደው ያመማቸው ሌሎችም አሉ። ማንም ልጅሽን አይወስድብሽም። ባጃጅ እንጠራና አሁን ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፤ ይታከማል።»

ትርንጎ እሷን አላየቻትም። ብሌንን ነበር የምታየው።

«ምለሽልኝ ነበር።»

«አዎ» አለች ብሌን።

 ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን ይቅርታ የሚባልበት ነገር ሆኖ አልታያትም። ትርንጎ ፊቷን አዞረችባት።

ዓሊያ ከደጅ ተጣራች። «ብሌን፣ ተጀመረ እኮ፤ ትመጪያለሽ አትመጪም?»

ብሌን በቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ብቸኛ ደብተር፣ የሒሳቡን፣ አወጣች። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ድንጋይም አስደገፈችው። እናቷ ቀና ብላ አየች፤ አልከለከለቻትም። ትኩሱ ንፋስ የሽንኩርት ሽታ ይዞ ገባ።

«አሥራ አራተኛዋን እዚህ ላይ ገልብጪልኝ» ብላ ደብተሩን ለዓሊያ ሰጠቻት።

ከዚያ ተመልሳ የሕፃኗን ልብስና ፎጣ ባዶው ቦርሳ ውስጥ መክተት ጀመረች። ከመንገዱ ወዲያ ሲስተር ሩቂያ በስልክ የጠራችው ባጃጅ ድምፅ እየቀረበ ነበር።