የተዛነፈው ስፌት

ንቧ የሚሏት ልብስ ሰፊ ጠዋት ሥራ በጀመረች በግማሽ ሰዓት ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ሞተች። ንቧ ያሏት እጇ ሥራ ስለማይፈታ ነበር። አጠገቧ ግማሹ የተጠጣ ሻይ ተገኘ። ሻዩን የሰጠቻት የወንድሟ ሚስት ናት፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ንቧ በመስኮት ሰበብ ከጨርቅ ቆራጩ ጋር ተጣልታለች። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ «መርዘዋታል» የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። መርማሪዋ፣ ጸጉሯ የሸበተ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ዓይኗን ሸሸ።

«እህትዎ ያማት ነበር?»

«በሽታ የት ያውቃታል? የሁለት ሰው ምግብ ነበር የምትበላው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገመናችንን ባላወጣው ደስ ባለኝ። ትጠጣ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ትሆናለች።»

«ስትጠጣ አይተዋታል?»

«አላየሁም።»

«አፏስ ሸትቶዎት ያውቃል?»

አንገቱን ደፋ። አንድ ቀን በሠራተኛ ፊት «እስቲ ተንፍሺብኝ» ብሏታል። ምንም አልሸተተውም። ይቅርታም አልጠየቃት።

ቆራጩም ቃሉን ሰጠ። «እኛ ሹራብ ደርበን እሷ መስኮት ትከፍታለች። በረደን ብላት ‹ውስጤ እሳት ነው› አለችኝ። እኔም ተሳደብኩ። ከዚያ ያለፈ ክፉ ከእጄ አልወጣም።»

ሚስትየው ስታለቅስ ነበር። «ሻዩን የሰጠኋት ልቤ ይደልቃል ስላለችኝ ነው። እንደዚያ እየበላች በዓመት ሦስቴ ቀሚሷን ያጠበብኩላት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ከዚያ በኋላ ብዙም አልጠየቀች። ንቧ የሰፋቻቸውን ልብሶች ከመደርደሪያው እያወረደች ስፌታቸውን በጣቷ ስትዳስስ ዋለች።

በሳምንቱ ሁሉንም በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የሟች ታናሽ እህትም መጥታ ነበር።

«ሻዩም ሆዷም ተመርምሯል፤ መርዝ የለም» አለች መርማሪዋ። «ይህ ቀሚስ የአምና ነው። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ይህኛው የዘንድሮ ነው፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የሰካራም እጅ ቢሆን አንዱ ቀን ተቃንቶ አንዱ ቀን ይዛነፍ ነበር። ይህ ግን ከወር ወር እየባሰ ነው የሄደው። እየበላች ከሳች፣ በብርድ አላባት፣ ልቧ ደለቀ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ጠረጠርኩና አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠየቅኩት። አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አብጦ ከልክ በላይ ሲሠራ ኖሯል፤ ልቧን ያደከመው እሱ ነው አለኝ።»

«እንግዲያ ማንም አልገደላትም» አለ ቆራጩ፣ እፎይ ብሎ።

«ከሁለት ወር በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። መዝገቡን አየሁ። የደም ምርመራ ታዞላታል፤ ግን አልተመረመረችም። ማዘዣው የት ደረሰ?»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሳ።

«ይዛልኝ መጥታ ፈቃድ ጠየቀችኝ» አለ። «የስካር ሰበብ መሰለኝ። ነጠቅኋትና ቀደድኩት። አልቅሳ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።»

ሚስቱ ፊቷን አዞረች።

«ሕግ የሚጠይቅዎት አይመስለኝም» አለች መርማሪዋ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ከበደው። እጁን በሰንሰለት ብታስረው ይሻለው ነበር። «ግን ይህ ሕመም አንዳንዴ በዘር ይሄዳል» ስትል ጨመረች።

ታናሺቱ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆቿን ፈጥና ወደ ጭኗ አወረደች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«እኔ አልጠጣም፣ ወንድም ጋሼ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በማግስቱ ወንድሟ ስፌት ቤቱን ዘግቶ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ፣ የልብ ምቷን ቆጠረ፣ ደሟን አስመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነበር፤ መድኃኒት እየወሰደች ክትትል ካደረገች ግን ደህና እንደምትሆን ነገራቸው።

«በጊዜ ነው የመጣችሁት። ከቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው ነበር?»

ታናሺቱ ወንድሟን አየችው። ዝም ቢል እሷም ዝም ትል ነበር።

«እህቷ» አለ። «ልመርመር ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየውና ጻፈ።