አምስተኛው አጀንዳ

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ብቻዬን ይዤው መኖር ስላቃተኝ ነው።

ግን እውነት ነው... በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት።

ቅዳሜ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ፀሐይዋ ፏ ብላለች።

የምሠራው አንድ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ነው። በዓመታዊው ስብሰባ ቀን ባለአክሲዮኖቹ በስልካቸው ድምፅ ይሰጣሉ። "ድምፄ ገብቷል ወይ?" ብለው ሲደውሉ፣ ቁጥራቸውን አንድ ፕሮግራም ላይ አስገብቼ ምን እንደመረጡ እነግራቸዋለሁ።

ማየት ብቻ ነው የምችለው። መቀየርም፣ መሰረዝም አልችልም።

የዚያን ቀን ከቤት ነበር የምሠራው። ላፕቶፔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብቶ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ እያፏጨ ይጠግናል። እናቱ ሶፋው ላይ ሆነው ስልካቸውን ይነካካሉ። እሳቸውም ትንሽ አክሲዮን አለቻቸው።

አጀንዳዎቹ አራት ናቸው። ሪፖርት ማጽደቅ፣ ኦዲተር መሾም... እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር።

አንድ ሽማግሌ ደወሉ። ቁጥራቸውን አስገባሁ። በአራቱም ተስማምተዋል።

ከሥሩ ግን አምስተኛ ነበር።

"ቧንቧ የሚጠግነውን ሰው ስለመረከብ።"

ደግሜ አነበብኩት።

"ምን ይላል ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

"ጋሼ... አምስተኛው ላይ ምን ብለው ነው የመረጡት?"

"የቱ አምስተኛ? እኔ 'በሁሉም ተስማምቻለሁ' የሚለውን ነው የነካሁት። ያን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል ብለሽ ነው?"

የሌላ ሰው ቁጥር አስገባሁ። ተስማምቷል። የሌላ... ተስማምታለች።

ወጥ ቤት ውስጥ ውኃ ወረደ። ባለቤቴ እጁን እየታጠበ ነው።

ገጹን አደስኩት።

"እጁን የሚታጠበውን ሰው ስለመረከብ።"

አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

"አምስተኛ አጀንዳ አለ እንዴ?" አልኩት በሹክሹክታ።

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ድምፅ አይሰጥም" አለኝ ቀስ ብሎ። "ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

ስለምን እንደሆነ ገና አልነገርኩትም ነበር።

ስልኩን ዘጋው። መልሼ ብደውል አያነሳም። እኔም አክሲዮን ስላለኝ በስልኬ ገብቼ "አልስማማም" የሚለውን ነካሁት። አልሠራም። "ጉዳዩ ስለሚመለከትዎ ድምፅ መስጠት አይችሉም" ይላል።

አማቴን አየኋቸው። ጣታቸው ስልኩ ላይ ነው።

"እማዬ... እባክዎ እንዳይነኩት።"

"ምኑን?"

"ድምፁን። አንዱንም አይንኩ።"

"ውይ ልጄ፣ ነካሁት እኮ። በሁሉም ተስማምቻለሁ አልኩ፣ እንደ ሁልጊዜው።" ፊቴን አይተው ድምፃቸው ተሰበረ። "ምነው? ምን አጠፋሁ?"

ቁጥራቸውን አስገባሁ። አምስተኛው ላይ... ተስማምተዋል።

"ምን ያንሾካሽካችኋል?" አለ ባለቤቴ ከወጥ ቤት።

"ምንም። ዛሬ ከቤት አትወጣም፣ እሺ?"

"የት እሄዳለሁ?" ብሎ ሳቀ።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ድምፅ መስጫው ተዘጋ።

"ጸድቋል።"

ፉጨቱ ቆመ።

ከወጥ ቤት ወጣ። ጫማውን አደረገ። ማሰሪያውን ረጋ ብሎ፣ አሳምሮ አሰረው። እሱ ጫማውን ሳያስር ነው የሚወጣው። ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በዚሁ ነው።

"የት ነው?"

"እየጠበቁኝ ነው።"

"እነማን?"

ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ወገቡን አቀፍኩት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። አልታገለኝም። ቆሞ ጠበቀኝ፣ ልጅ አልቅሶ እስኪወጣለት እንደሚጠበቀው። ከዚያ እጆቼ ራሳቸው ለቀቁት።

እኔ አልለቀቅኩትም። እጆቼ ናቸው።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

መንገዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለሱቁ አለ። ታክሲውን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ የወረደ ሹፌር አለ። ልጇን ያዘለች ሴት አለች። ድምፅ የሚባል የለም። ሁሉም ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አውጥተዋል።

ባለቤቴ በመሐላቸው አለፈ። ያለፋቸው ሁሉ እጃቸውን አንድ በአንድ ያወርዳሉ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ፖሊስ ጋ ሄጃለሁ፣ ያልጠየቅኩት ጎረቤት የለም። ያን ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ነበር የሚል ሰው ግን አንድም አላገኘሁም።

ያን ሰዓት ግን ከዓይኔ ከጠፋም በኋላ ከመስኮቱ አልራቅኩም። ከኋላዬ አማቴ "ልጄ... ልጄ..." ይላሉ።

ዞርኩ። እንባቸው ይወርዳል። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ወጥቷል። በግራቸው ይዘው ወደ ታች ይጎትቱታል፣ አልወርድ ይላቸዋል።

ልረዳቸው ብዬ እጄን ልዘረጋ ስል ነው ያየሁት...

የእኔም ወጥቷል።