ዝምድና የለንም

መካነ ሰላም ላይ የአምባቸውን ወፍጮ የማያውቅ ሰው አለ ከተባለ፣ ያ ሰው ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ወይ እህል አይበላም። ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮው በዱቄት የነጣ ቤት ነው። በገበያ ቀን ገብስና ስንዴ የጫነ አህያ ከደጁ ይሰለፋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ማውራት ይጀምራል። ባለቤቱ አምባቸው ቆፍጣና፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ “ወላሂ” ሳይል ነገር የማይጨርስ የወሎ ሰው ነበር። ሚስቱ ይርገዱ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ እሷ ዝም ስትል ግን ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ለእነዚህ ሁለት ደጋግ ሰዎች እግዜር ልጅ ሰጥቶ ልጅ ነሳቸው። ሁለት ወልደው ሁለቱንም ቀበሩ። ለምን? እኔ ምኑን አውቄ...

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ጎረቤታቸው የነበሩ ቁርዓን የሚያስቀሩ ሸህ ከነባለቤታቸው በተስቦ ሞቱና ሙእሚን የሚባል የሰባት ዓመት ልጃቸው ሜዳ ላይ ቀረ። አምባቸው ጊዜ አልፈጀም። የእድሩን ዳኛ ገበየሁን ጨምሮ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ በአገሩ ደንብ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ልጁን አጠባና “ከእንግዲህ የጡት ልጄ ነህ፤ ብክድህ ፈጣሪ ይካደኝ” ብሎ ማለ። በሃይማኖቱ አልነካውም፤ የአባቱን ቁርዓን እንዲቀራ ላከው። ይርገዱም ፋሲካ በመጣ ቁጥር አንድ ዶሮ ሙስሊም ጎረቤት ዘንድ አሳርዳ ለልጇ በተለየ ድስት ትሠራለት ነበር። ሙእሚን አድጎ የወፍጮ ድንጋይ መውቀሩንም፣ ሞተር ፈቶ መግጠሙንም ከአምባቸው እጅ ተማረ። ውሎ አድሮ ካስተማረው ሰው በለጠ፤ ከደጎሎ እስከ ኩታበር የማንም ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እሱ ሆነ። አምባቸው ወር በመጣ ቁጥር ከገቢው ቆንጠር አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይከትለታል። ደሞዝ ብሎት አያውቅም። ለልጅ ደሞዝ ይከፈላል እንዴ?

ሙእሚን አፍናን የምትባል ጨዋ ልጅ አገባ፤ አምባቸው ከወፍጮው አጠገብ ቤት ሠራላቸው፤ አርዋ ተወለደች። ያኔ ያን ቤት ያየ ሰው፣ መከራ እዚህ ደጅ ሁለተኛ አይመለስም ብሎ ይምል ነበር። መከራ ግን መሐላ አይሰማም። ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ አርዋ ትተነፍስ ጀመር... ትተነፍስ ስላችሁ እንደኛ አይደለም፤ ጥቂት ሮጣ ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ሲመላለስባት የኖረው የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቧ ወርዶ ኖሯል። አዲስ አበባ ወስደዋት ያያት ሐኪም የልቧ በር መበላሸቱን፣ በቀዶ መታከም እንዳለባት፣ ወረፋው ግን ረጅም እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት ነገራቸው። ሙእሚን የሰው ሞተር ሲጠግን የኖረበትን እጁን እያየ አለቀሰ።

ካናዳ የሚኖረው የአፍናን ወንድም ኢማድ በስልክ አንድ ተስፋ ነገራቸው። እሱ ያለበት አገር የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ ባለሙያ ከነቤተሰቡ ይቀበላል፤ ቤተሰብ ሆኖ የገባ ልጅ ደግሞ ይታከማል። “ዋናው ነገር የአሠሪ ደብዳቤ ነው” አለ ኢማድ። “ያሠራህ ሰው ማን እንደሆንክ ይመስክርልህ።”

ሙእሚንም የመጨረሻዋን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ለአምባቸው አደረሰ። “አባባ፣ ማን እንደሆንኩ ይመስክሩልኝ ይላሉ።”

አምባቸው ደስ አለው። ማን እንደሆንክ! ይህንማ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እየጻፈ ለይርገዱ ያነብላታል፤ ይርገዱ ደግሞ “እሱን ጨምርበት” እያለች ታስጨምረዋለች። ሙእሚን የጡት ልጁ እንደሆነ፣ በሽማግሌ ፊት እንደተቀበለው፣ ጾሙንና ሶላቱን እንደማያጓድል፣ በቤቱ ቅጥረኛ ሳይሆን ጌታ እንደሆነ፣ በመካከላቸው የደሞዝ ነገር ተነስቶ እንደማያውቅ ጻፈ። የወፍጮ ቤቱን ማኅተም ሁለት ጊዜ መታበት። ከአባት የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? እሱ እንደዚያ መሰለው። እኛም ብንሆን እንደዚያ ይመስለን ነበር።

ወረቀቱ ከካናዳ ኤምባሲ ተመለሰ። ይህ የቤተሰብ ምስክርነት እንጂ የአሠሪ ማስረጃ አይደለም፤ አመልካቹ በደሞዝ መሥራቱን፣ ከአሠሪውም ጋር ዝምድና እንደሌለው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ሌላ ደብዳቤ ካላመጣ ጉዳዩ ይዘጋል የሚል መልስ ነበር። ሙእሚን አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። አምባቸው “ሰዎቹ ምን አሉ?” ባለው ቁጥር “ገና ነው አባባ” ይላል። እንዴት አድርጎ ይንገረው? የትኛው አፍ “አባቱ አይደለሁም ብለው ይፈርሙልኝ” ይላል?

አፍናን ግን እናት ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲቆም ጠብቃ፣ ይርገዱ ባለችበት ነገሩን እንዳለ ነገረቻቸው።

አምባቸው ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። “ይህን አልጽፍም” አለ ቀስ ብሎ። “ምዬበታለሁ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ወፍጮውን ሽጪው በይኝ፣ ዛሬውኑ እሸጠዋለሁ።”

“አባባ፣ ወፍጮውን ምን ላድርገው?” አለች አፍናን። “እኔ የምለምንዎት ልጄን ነው።”

ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት አምባቸው ጨዋታ አቆመ፤ ገበሬዎቹ “ምነው ዛሬ ወላሂ ጠፋች?” እያሉ ቢነካኩትም ፈገግ አይልም። ሙእሚንና እሱ አንድ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው ሲውሉ መፍቻ ብቻ ይቀባበላሉ። ሁለቱም አዝነው ነበር፤ ሁለቱም የሚያዝኑት አንዱ ለሌላው ነበር።

አንድ ጠዋት አርዋ ብቻዋን ከቤቷ ወጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ መጣች። ግቢው አንድ ነው፤ ጤነኛ ልጅ በሩጫ የሚደርስበት። እሷ ግን መሀል ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች፤ እንደገና ተቀመጠች። አምባቸው ከበሩ ሆኖ ያያት ነበር፤ ሮጦ ሄዶ ሲያቅፋት ልቧ ደረቱ ላይ ሲደልቅ ተሰማው።

“አያቴ” አለችው ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ “ወፍጮ ቤቱን ማን አራቀው?”

አምባቸው ልጅቷን ለእናቷ ሰጥቶ ጋቢውን ደረበና ለማንም ሳይናገር ገበየሁን ይዞ ወደ ወረዳው መሥሪያ ቤት ሄደ። ጸሐፊው ትሁት ወጣት ነበር። ሙእሚን ስንት ዓመት እንደሠራ፣ ምን ምን ሥራ እንደሚችል፣ ወር በመጣ ቁጥር ምን እንደሚያገኝ እየጠየቀ ጻፈ። ሥራው እውነት፣ ዓመቱም እውነት ነው። መጨረሻ ላይ “ዝምድና አላችሁ?” ሲል ጠየቀ።

“የጡት ልጄ ነው” አለ አምባቸው።

“እሱን ሕግ አያውቀውም አባቴ። በሕግ ዘመድ ካልሆኑ ‘ዝምድና የለንም’ ብለው ሲፈርሙ ውሸት አይሆንብዎትም።”

“ሕግ ባያውቀው ያየው ፈጣሪ የለም?” አለ አምባቸው፤ ቢሆንም ፈረመ። ገበየሁም፣ ያኔ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ገበየሁ፣ ምስክር ሆኖ ከሥር ፈረመ። አምባቸው ደብዳቤውን ለሙእሚን ሲሰጠው “ስጣቸው እንጂ አንተ አታንብበው” አለው። ሙእሚን ሊያደርሰው ሲሄድ አውቶቡስ ላይ አነበበው፤ ደሴ እስኪደርስም ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምባቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከደጀ ሰላሙ አልፎ አልገባም። ውጭ ቆሞ አጥሩን ተሳልሞ ይመለሳል። ይርገዱ “ግባ እንጂ” ስትለው “በምን ፊቴ?” ይላል። ክረምቱ ሲገባ፣ ስንት ዘመን የማገው የወፍጮ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ተነሳበት፤ ሳል አልጋ ላይ ጣለው። ሙእሚን ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ሲጠራ “አልሄድም፣ አጠገብዎት እሆናለሁ” ቢል፣ አምባቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “የፈረምኩት ለከንቱ ነው እንዴ?” አለው። ሙእሚን ጉልበቱን ስሞ ሄደ።

ኤምባሲው ውስጥ ጠያቂዋ ደብዳቤውን አየችና “አቶ አምባቸው ቤተሰብህ ናቸው?” አለችው። ሙእሚን መለሰ። “አይደሉም። አሠሪዬ ነበሩ።” ነበሩ... ይህች ቃል ለምን ከአፉ እንደወጣች አያውቅም። ደጅ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት የአፍናን ድምፅ ጠበቀው። አባባ ጠዋት አርፈዋል።

ሌሊቱን ተጉዞ ለቀብሩ ደረሰ። አፍናን ከመንገድ ተቀብላ የሟቹን ኑዛዜ ነገረችው። አምባቸው ይርገዱን ጠርቶ እንዲህ ብሏት ነበር፤ “ሙእሚን ለቀብሬ ከደረሰ ከወፍጮ ሠራተኞቹ ጋር ይቁም። ልጅ ነኝ እንዳይል። የአርዋን መንገድ እንዳያበላሽ።” ወይ አባት! ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ የራሱን ነፍስ ትቶ የልጁን ጉዳይ ያስባል።

ሙእሚን እንደታዘዘው ከሠራተኞቹ ጋር ቆመ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መቃብሩን ከቦታል። ገበየሁ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ፤ የት እንደተወለደ፣ ወፍጮውን እንዴት እንዳቋቋመ፣ ስንት ድሃ በነጻ እንዳስፈጨ። “አቶ አምባቸው...” አለ፣ ወረቀቱን ትኩር ብሎ እያየ፣ “አቶ አምባቸው በሕይወት ያለ ልጅ አልነበራቸውም።” ሕዝቡ አጉረመረመ። ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሙእሚን አጠገቡ ያለውን ሰው ክንድ ጨብጦ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ቻለ። ሳጥኑን ለማውረድ ሠራተኞቹ ገመድ ሲይዙ እሱም ያዘ፤ ይህንንም ቻለ። የመጀመሪያው አፈር ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ ግን አልቻለም። “አባባ...” አለ። አፈሩ ላይ ተደፋ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደብዳቤውን የጻፈው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም ከሕዝቡ መሀል ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። ገበየሁ ወረቀቱን አጠፈ።

“ወገኖቼ” አለ፣ “አሁን አንድ ነገር የሰማ ሰው አለ?”

“የሰማነው የለም” አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ሙእሚንን ደግፈው አነሱትና ይርገዱ አጠገብ፣ በልጅ ቦታ አቆሙት። ሰዉ ተሰልፎ አንድ በአንድ እጁን ጨበጠው፤ ግማሹ “አላህ ያጥናህ”፣ ግማሹ “እግዜር ያጥናህ” ይላል። ጸሐፊውም ተራውን ጠብቆ ጨበጠው። ወደ ቤት ሲመለሱ ስለ ነገሩ ያወራ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አላወራም።

ቪዛው መጣ። አርዋ ካናዳ ውስጥ ታከመች፤ ዛሬ ትሮጣለች ይላሉ። ሙእሚን ይርገዱን ላስመጣሽ ብሎ ለምኗት ነበር፤ መቃብሩን ለማን ትቼ አለችው። ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው፤ የሰጠውን ሰጥቶ፣ ዋጋውን ከማን እንደሚቀበል ራሱ ይመርጣል። ለአንዲት ሕፃን ልብ አንድ ሽማግሌ ልቡን ከፈለ። ይህን ፍርድ ነው ልበል ወይስ ምሕረት? እናንተ ፍረዱ።

በቅርብ ከቀበሌ የቤተሰብ ቁጥር ሊመዘግብ የመጣ ሰው ይርገዱን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ አገኛትና “እማማ፣ ልጅ አለዎት?” ብሎ ጠየቃት።

ይርገዱ ትንሽ አሰበች። “የሚጠይቀኝ መንግሥት ከሆነ የለኝም” አለችው። “እግዜር ከሆነ አንድ አለኝ።”